በሁለት እጅ ስለተቀበላችሁት የጋኦን ዳይፐር

ለክቡር አቶ ናም ግዩሆ
የአረንጓዴ መንደሪን አየር መንገድ የተሳፋሪዎች ሥነ ምግባር ክፍል ኃላፊ
ጊምፖ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለመላ አካላትዎ ጤና እየተመኘሁ ለአፍንጫዎ ግን ለብቻው እመኝልዎታለሁ፤ ካለፈው ወር ወዲህ የቢሮዎ መስኮት እንደ ልብ እንደሚከፈት፣ ሠራተኞችዎም ለስብሰባ ሲጠሩ እንደ ድሮው ደስ ብሏቸው እንደሚመጡ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በጄጁ ደሴት ዶልሜ መንደር ያለነው ደኅና ነን። ነፋሱ እንደ ልማዱ ነው። የልጅ ልጄ ጋኦን ሁለት ጥርስ ጨምራለች፤ ሆዷም፣ ከማንም በላይ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ በሚገባ ይሠራል።

ስሜ ቡ ማንሶክ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከአምስት ወር በፊት የእርስዎን ደብዳቤ ዘቅዝቀው ቢሰጡኝ እንደተዘቀዘቀ ይዤ በቁም ነገር ራሴን እነቀንቅ ነበር። ዛሬ ግን በመንደራችን የማታ ትምህርት ከአሥራ አራት ተማሪዎች ሁለተኛ ወጥቼ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አንደኛ የወጡት የሰማንያ ሦስት ዓመት እመቤት ያንኑ ክፍል ለአራተኛ ጊዜ ስለተማሩት ውጤታችን በመንደሩ ዘንድ እኩል ነው የሚባለው፤ ከወንዶች ደግሞ አንደኛ ነኝ። ሌላ ወንድ አልነበረም፤ ቢኖርም ያው ነበር። መምህርታችን ኦክ ቺዩን ዓረፍተ ነገሬ ይረዝማል እያለች ሁልጊዜ ትመክረኛለች፤ እኔም ለመጻፍ ሰባ ዓመት የጠበቀ ሰው በየአምስት ቃሉ አራት ነጥብ እያስቀመጠ መቆም አይሆንለትም ብያታለሁ፤ ስለዚህ ትንፋሽ ካጠረዎ ይታገሡኝ።

የላኩልኝ ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ በሕይወቴ ያለ ጎረቤት እርዳታ፣ በገዛ ዓይኔ ያነበብኩት የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ሰው የመጀመሪያ ጀልባውን እንደማይረሳ ሁሉ እኔም እርስዎን አልረሳዎትም። ከምሳ በኋላ ጀመርኩት፣ ባለቤቴ ከባሕር ስትመለስ ጨረስኩት። ፊደሉ ትልልቅና ጥቁር ስለሆነ ማተሚያችሁን አመሰግናለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለሚያነብ ሌላ ሰው ሲባል የእርስዎ ደብዳቤ የሚለውን በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ባለፈው ወር በአንድ ዓርብ፣ ከጄጁ ወደ ሶል፣ ጊምፖ ጣቢያ በሚበር አውሮፕላናችሁ ውስጥ፣ እኔ ቡ ማንሶክ ያገለገለ የሕፃን ዳይፐር እንደ ስጦታ ጠቅልዬ «ሆን ብዬና በንቀት» ለበረራ አስተናጋጅ አስረክቤያለሁ፤ ስለዚህም «ብቁ ያልሆነ የሕፃን አጃቢ» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ፤ ሆን ብዬ ማድረጌን አምኜ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ቅጽ ካልፈረምኩ በስተቀር ጋኦንን ይዤ በእናንተ አውሮፕላን አልሳፈርም። ግልባጩም ትኬቱን ለቆረጠችው ልጄ ለምዮንጂን ተልኳል።

በድሮው ጊዜ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ መሳቢያዬን ከፍቼ፣ የስሜን ማኅተም ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ ጣት በተቀሰረልኝ ቦታ ላይ አሳርፍ ነበር። እንዲህ አድርጌ ሳላውቀው የመንደሩ የውሾች ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኜ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ፤ ከውሾቹ ጋር ክፉ ደግ ሳንነጋገር ነው የተለያየነው። አሁን ግን አነባለሁ። የማንበብ መጥፎ ጎኑም ይኸው ነው፣ ክቡር ሆይ፤ የሚፈርሙበት ነገር ምን እንደሆነ ያውቁታል።

ጉዳዩ የአውሮፕላን ወንበር ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ወረቀት አላጠፋም ነበር፤ መርከብም አለ። ጉዳዩ ጋኦን ናት። ልጄ ምዮንጂን ሶል ከተማ ውስጥ ነርስ ናት፣ ባሏ የጭነት መርከብ ላይ ይሠራል፤ ሕፃኗ ከአራተኛ ወሯ ጀምሮ እኛ ዘንድ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ አንቀልባዬን አጥብቄ ለእናቷ አደርሳታለሁ፣ እሑድ አዝዬ እመልሳታለሁ። የአማቼ እናት ዴጉ ከተማ የሚኖሩ፣ ቤታቸው ንጹሕ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሴት ናቸው፤ ወንድ ሰው ሕፃን ያዝላል የሚለውን ነገር ግን ከተረት አይለዩትም። የደብዳቤዎ ግልባጭ ከልጄ ቤት ዞሮ እጃቸው ሲገባ ባለቤቴ ዘንድ ደውለው «ለመሆኑ ሕፃን በወንድ ጀርባ ላይ አድጋ ምን ልትሆን ነው?» አሏት። ባለቤቴም ባሕር የምትጠልቅበትን ልብስ እንኳ ሳታወልቅ፣ «የእኔ አራቱም እዚያው ጀርባ ላይ ነው ያደጉት፤ አንዷን ልጅዎ ወዶ አግብቷታል» ብላ ዘጋችው። መልሱ ጥሩ ነው፤ እኔ ብናገረው ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር። ነገር ግን ጥሩ መልስ ማኅተም የለውም፣ የእርስዎ ደብዳቤ አለው። ከዛሬ አሥራ ስድስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የጋኦን አንደኛ ዓመት ሶል ላይ ይከበራል፤ ሁለቱም ወገን ይሰበሰባል፤ ግብዣው ሲያልቅ ሕፃኗ ከእኛ ጋር ወደ ጄጁ ትመለስ ወይስ ወደ ዴጉ ትሂድ የሚለው ይወሰናል። የእርስዎ «ብቁ ያልሆነ» የሚለው ቃል ሳይጋበዝ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሩዙና ከፍራፍሬው አጠገብ ይቀመጣል ማለት ነው።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ። ቁጥር ከፊደል በፊት የማውቀው ነገር ስለሆነ በዚህ በኩል እንዳይጠራጠሩኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሙያዬ። ደብዳቤዎ «ልምድ የሌለው» ይለኛል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ መንደር ሴቶቹ ባሕር ይጠልቃሉ፣ ወንዶቹ ሕፃን ያዝላሉ፤ የአባቴም አባት ይህንኑ ሠርቷል። ባለቤቴ ሂዮን ሱንዶክ ትንፋሿን ይዛ ከባሕር ወለል ላይ ቀንድ አውጣ ስትለቅም እኔ ዳር ላይ ልጆቿን ይዤ እጠብቃት ነበር፤ ወጥታ ጡት ስትሰጥ ነፋሱን በጀርባዬ እከልል ነበር። አራት ልጅና ሁለት የልጅ ልጅ ነው። ባለቤቴ የቀየርኩትን የሽንት ጨርቅ አስልታ ከሃያ ሺህ ይበልጣል ትላለች፤ እኔ ትሕትና ስለማበዛ ሃያ ሺህ ብቻ እላለሁ። በጄጁ ነፋስ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ የሽንት ጨርቅ የቀየረ ሰው አንዱን ጫፍ በጥርሱ መያዝ ይማራል። ከእናንተ መሥሪያ ቤት ይህን የሚችል ሰው ካለ ስሙን ይላኩልኝ፤ ወዳጅ አደርገዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሩዝ ኬኩ። ሕፃን ይዞ የሚሳፈር ሰው ለጎረቤቶቹ ትንሽ ነገር አስይዞ አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ወግ ነውና፣ ባለቤቴ ባልበሰለ የጋም ፍሬ ጭማቂ ከተነከረው ቡናማ ጨርቃችን ሃያ ቁራጭ ቆረጠች፣ በእያንዳንዱ ውስጥ የሩዝ ኬክ አስቀመጠች። ይህ ጨርቅ ዝናብ አያስገባም፣ ላብ አያሸትበትም፣ ሽታ ደግሞ አያስወጣም፤ ይህን ቃል ይያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። እኔ በበኩሌ ሃያ ወረቀት በእጄ ጻፍኩ። በመምህርት ኦክ ምስክርነት አንድ ስሕተት ብቻ ነበረባቸው፣ እሱም በሃያውም ላይ አንድ ዓይነት ስለነበር እንደ አንድ ይቆጠራል። ወረቀቱ በጋኦን አንደበት የተጻፈ ሆኖ «ስሜ ጋኦን ነው። አሥር ወር ከግማሽ ሆኖኛል። ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ ይህችን ትንሽ ስጦታ ተቀበሉኝ» ይላል። ባለቤቴ እያንዳንዱን ወረቀት እንዳይጠፋ በጨርቁ ጫፍ ላይ በአንድ ክር ሰፋችው።

አሥራ ዘጠኙን በአካባቢዬ ላሉት ተሳፋሪዎች በሁለት እጄ አደልኩ። ከእኔ በስተግራ ያለው ወንበር ባዶ ስለነበር ሃያኛውን የሩዝ ኬክ በባዶው ወንበር ስም ራሴ በላሁት፤ ጨርቁን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቷም እዚያው ጫፉ ላይ ነበረች። በዚህች ጨርቅ ላይ ነው እንግዲህ የእርስዎ ክስ በሙሉ የቆመው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጠረጴዛው። በረራው በተጋመሰ ጊዜ ጋኦን ሥራዋን ሠራች። እሷ ስትሠራ ፊቷ እንደ ዳኛ ይኮሳተራል፤ ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ የለም። በቀኜ የተቀመጠው ሰው ጎልፍ ተጫውቶ ፊቱ የተቃጠለ፣ ገና ሳንነሳ ጫማውን አውልቆ እግሩን የዘረጋ፣ የሩዝ ኬኩን በሁለት ጉርሻ የጨረሰ ሰው ነበር። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ የልጅቷ እናት ወዴት ናት?» አለኝ። ሥራ ላይ ናት አልኩት። አያቷስ አለኝ። እሷም ሥራ ላይ ናት፣ ባሕር ውስጥ አልኩት።

«ታዲያ መሬት ላይ ማን ቀረ?»

«እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን እንደምታየው እኔም መሬት ላይ አይደለሁም» አልኩት።

ከዚያም አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እርስዎ በደብዳቤዎ «አንድ ተሳፋሪ መጥፎ ሽታ እንዳለ አመልክቷል» ሲሉ ይህን ሰው ማለትዎ ከሆነ፣ ሽታውን ያመለከተው ከዳይፐሩ ሰባት ደቂቃ ቀድሞ መሆኑን፣ የሽታውም መነሻ ከራሱ ካልሲ ሩቅ እንዳልነበር በትሕትና አሳስባለሁ።

ተነስቼ ወደ ኋላኛው መጸዳጃ ቤት ሄድኩ። የሕፃን መቀየሪያ ጠረጴዛው ያለው እዚያ ነው፤ በሩ ላይም ቀሚስ የለበሰች ሴት ሕፃን ስትቀይር የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሱሪ የለበሰ ሰው በሌላ በር እንዲገባ ማለት እንደሆነ ለጊዜው አላወቅሁም፤ ደግነቱ «ብልሽት አለበት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ስለነበር ጥያቄው ሳይነሳ ቀረ። ወረቀቱን ራሴ አነበብኩት። ሰማይ ላይ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ እሱ ነው፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱ ባይሠራም ለእኔ ግን አገልግሏል። አስተናጋጇ ሶ ዩሪም የተባለች ጨዋ ልጅ ናት። የፊተኛው መጸዳጃ ቤት ጠረጴዛ የለውም፣ እስክናርፍ አርባ ደቂቃ ይቆዩልኝ ይሆን ብላ ዝቅ ብላ ለመነችኝ። ልመናዋን ለጋኦን አቀረብኩላት። ጋኦን አልተቀበለችም።

እርስዎ የሥነ ምግባር ኃላፊ ነዎትና ከአባቴ የተማርኩትን የእኛን ሥነ ምግባር እዚህ ላይ ላካፍልዎት። ሰው በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ሕፃን አይቀየርም። ሌላ ሰው ራሱን በሚያሳርፍበት ወንበር ላይም አይቀየርም። ሰው መካከል ይዘው ሲያልፉ አይቸኩሉም፤ መቸኮል ራሱ ማወጅ ነው። በሕፃን ላይ አፍንጫ አይያዝም። የወጣውን ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ ማንም እስከማያውቅ ድረስ አሳምረው ይጠቀልሉታል። ያጠፋኝ ይህ የመጨረሻው ሕግ ነው፣ ክቡር ሆይ። ጥፋቴ ስድ መሆኔ አይደለም፣ ከመጠን በላይ መሠልጠኔ ነው።

ለማንኛውም ፊተኛው መጸዳጃ ቤት ገባሁ፤ ክዳኑ ላይ ተቀምጬ፣ ጋኦንን በጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ እርጥቡን ጨርቅ በጥርሴ ይዤ፣ አውሮፕላኑ ሲናጥ እግሬን ከበሩ ላይ ተክዬ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨረስኩ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። በጀልባ ላይ ከዚህ የባሰ ማዕበል ውስጥ ቀይሬያለሁና ይህን ለጉራ አላነሳውም፤ ለመረጃ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። የቆሻሻ መጣያው አፍ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ለጥፋችኋል፦ «ዳይፐር እዚህ መጣል ክልክል ነው። እባክዎ ጠቅልለው ለበረራ አስተናጋጅ ያስረክቡ።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለመረዳት፣ አንዴ ደስ ስላለኝ። የፕላስቲክ ከረጢቴ ከላይ ከሻንጣው ጋር ቀርቷል። ኪሴ ውስጥ ግን ያች ቡናማ ጨርቅ ነበረች። ጠቀለልኩ። እጄ የለመደውን ቋጠሮ ቋጠረ፣ የስጦታውን ቋጠሮ፤ ሌላ ቋጠሮ አላውቅም። ክብደቱም የሩዝ ኬክ ያህል ነበር፤ ጋኦን በሥራዋ ላይ ቀልድ አታውቅም።

ወጥቼ ለሶ ዩሪም ሰጠኋት። በሁለት እጄ ነው የሰጠኋት፤ በአንድ እጅ ዕቃ መወርወር አልተማርኩም። የተባባልነውን ቃል በቃል እጽፋለሁ፤ በደብዳቤዎ ላይ ስለጎደለ።

«ልጄ፣ ይቺን ተቀበይኝ። ከሕፃኗ ናት።»

«ምነው አባባ፣ ይህን ያህል መቸገር ምን ያስፈልግ ነበር?»

«ምን ችግር አለው፣ በየቀኑ የምሠራው ነው።»

ልጅቷ አጎንብሳ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ለአለቃዬ አሳያታለሁም አለች። እኔም ወደ ወንበሬ ስመለስ ይህ አየር መንገድ ቆሻሻውን እንዴት በጥብቅ እንደሚቆጣጠር በልቤ አደነቅሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ጥቅሉ ጉዞ። እዚህ ላይ የደብዳቤዎን ሁለተኛ ገጽ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ ባይጽፉልኝ ኖሮ በምን አውቅ ነበር? ሶ ዩሪም ጀማሪ በመሆኗ የተሰጣትን ስጦታ ለራሷ ማስቀረት ደፍራ አልቻለችም፤ በሁለት እጇ ለአስተናጋጆቹ አለቃ ሰጠች። የአስተናጋጆቹ አለቃ ለካፒቴኑ ሰጠች። ካፒቴኑ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ለጊምፖ ጣቢያ ኃላፊ ሰጠ። የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ ሹመቱን ያገኘው በእርስዎ መልካም ፈቃድ መሆኑን አስታውሶ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎ ላይ አኖረልዎት። ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትምና ማንም አልከፈተውም። ሁሉም አጎንብሶ ሰጠ፣ ሁሉም አጎንብሶ ተቀበለ። እኔ ሃያ ዓመት የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን አባል ሆኜ አንድ ጥያቄዬ እንኳ ከጸሐፊው ጠረጴዛ አልፎ አያውቅም፤ የጋኦን ዳይፐር ግን በግማሽ ቀን አራት እርከን ወጥቷል።

ከዚያም ቅዳሜና እሑድ መጡ። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ እንደነበር ጽፈዋል። ጨርቃችን ስሙን ጠብቋል፤ አንዳች ሽታ አላስወጣም። ሰኞ ጠዋት ደግነትዎ አሸንፎዎት ብቻዬን አልበላም ብለው አሥራ አንድ ሠራተኛ ሰብስበው በስብሰባው መካከል ፈቱት። ከዚህ በኋላ ያለውን ደብዳቤዎ «ስብሰባው ተቋርጧል» ብሎ ብቻ ያልፈዋል። መምህርት ኦክ ጥሩ ጸሐፊ ሁሉን አይናገርም ትላለች፤ እርስዎ ጥሩ ጸሐፊ ነዎት።

ስድስተኛ፣ ስለ ወረቀቷ። «ሆን ብለው» ለማለትዎ ማስረጃዎ በጨርቁ ጫፍ የተገኘችው፣ «ይህችን ትንሽ ስጦታ ተቀበሉኝ» የምትለው የእጅ ጽሑፌ ናት። እውነት ነው፣ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ስሕተቷም በቦታዋ አለች። ክሯን በጥሼ ወረቀቷን ማውጣት ነበረብኝ፣ ረሳሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክድም። ከአምስት ወር በፊት ቢሆን ወረቀት አልጽፍም ነበር፣ ወረቀት ባይኖር ማስረጃ አይኖርም ነበር፤ መሃይም ሆኜ ብቀር ዛሬ እንደ ንጹሕ ሰው እቆጠር ነበር። ግን ያስቡት፤ ሰው ሊሳደብ ፈልጎ ስሙንና ዕድሜውን ጽፎ ይቅርታ ይጠይቃል? እኔ መሳደብ ብፈልግ ኖሮ፣ በመንደራችን ማንንም ይጠይቁ፣ ዳይፐር አያስፈልገኝም።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ እጽፋለሁ። ሶ ዩሪም በእኔ ምክንያት የጥፋተኝነት ሪፖርት እንድትጽፍ መደረጓን ከሦስተኛው ገጽ ላይ አነበብኩ። ያቺ ልጅ ያደረገችው አንድ ሽማግሌ የሰጣትን ነገር በአክብሮት መቀበል ነው። ይቅርታዬ ለእሷ ነው፤ ለእሷ ብቻ። ሪፖርቷን ቀድደው ቢጥሉላት እርስዎንም እግረ መንገዴን አመሰግናለሁ።

የምጠይቀው እንግዲህ ብዙ አይደለም። የጠረጴዛው ብልሽት ቢጠገን፣ በሩ ላይ ካለችው ሴት ጎን አንድ ሱሪ የለበሰ ሰው ቢሣልላት ደስ ይለኛል፤ ባይሆንም እኔ ጭን አለኝ። የምፈልገው «ሆን ብለውና በንቀት» የሚለው እንዲሰረዝና ይህንኑ የሚገልጽ፣ ያው ትልቅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከዚያች ቅዳሜ በፊት ለልጄ እንዲደርሳት ነው። እነዚያ ቃላት ከወጡ «ብቁ ያልሆነ» የሚለው ከበሰበሰ ጣውላ እንደሚወልቅ ምስማር በራሱ ይወድቃል። የአማቼ እናት ሊነቅፉኝ መብታቸው ነው፤ በእኔ አስተዛዘል፣ በእኔ ፉከራ፣ በእኔ ጀርባ ይንቀፉኝ። ባላደረግሁት ነገር ግን ጋኦንን አይውሰዱብኝ። ማታ ማታ የምትተኛው ጀርባዬ ላይ ሆና በአፌ የሞተር ጀልባ ድምፅ ሳሰማት ብቻ ነው፤ ዴጉ ላይ ባሕር የለም፣ ያን ድምፅ የሚያውቅም የለም።

የእናንተን ቅጽ አልፈርምም። በምትኩ የራሴን ጽፌያለሁ፦ «እኔ ቡ ማንሶክ፣ ከእንግዲህ ለማንኛውም የበረራ አስተናጋጅ ዳይፐር ሳስረክብ፣ ዳይፐር መሆኑን በግልጽ ቋንቋ አስቀድሜ እንደምናገር ቃል እገባለሁ። አየር መንገዱም በበኩሉ ስጦታ ሲቀበል ምን እንደሆነ እንዲጠይቅ ይመከራል።» ከታች በእጄ ስሜን ጽፌበታለሁ። ማኅተሜ መሳቢያው ውስጥ ተኝቷል፤ አልቀሰቅሰውም።

በልደቷ ቀን ጋኦን ፊት ክር፣ ሩዝ፣ መጽሐፍና ሌላም ሌላም ይደረደራል፤ ካነሳችው ነገር ዕጣ ፈንታዋ ይታያል። እኔ መምህርት ኦክ የሸለመችኝን እርሳስ አስቀምጣለሁ። ሕፃኗ እሱን ያነሳች እንደሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ ከአሁኑ ይዘጋጁ፤ እሷ ከእኔ ስልሳ አምስት ዓመት ቀድማ ነው መጻፍ የምትጀምረው።

ከግብዣው ዋዜማ፣ ዓርብ ጠዋት፣ በጀርባዬ አሥር ኪሎ የምትመዝን ተሳፋሪ አዝዬ፣ በኪሴ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ይዤ፣ ጄጁ ላይ በቲኬት መስኮታችሁ ፊት እቆማለሁ። መልካም ፈቃድዎ ቀድሞኝ እዚያ እንዲደርስ እየለመንኩ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ እርከንዎ እንዲጨምር፣ ጠረጴዛዎም ምንጊዜም መዓዛው እንዲያምር የምመኝልዎ፣

ሃያ ሺህ ዳይፐር ቀይሮ አንዱን በተሳሳተ ቋጠሮ የቋጠረው አክባሪዎ፣
ቡ ማንሶክ
ከዶልሜ መንደር፣ ጄጁ

ግልባጭ፦
— ለዶልሜ መንደር የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ማስታወቂያ ሰሌዳ
— ለማታ ትምህርት ክፍላችን (መምህርት ኦክ ስሕተቱን በቀይ እንዳታርመው፣ ሰው ያነበዋል)
— ለደሴቲቱ ጋዜጣ የአንባብያን ገጽ
— ዴጉ ለሚኖሩት ለተከበሩት የአማቼ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በዚያው ቡናማ ጨርቅ፣ በዚያው ቋጠሮ የታሰረ አንድ ጥቅል ልኬልዎታለሁ። ውስጡ የሩዝ ኬክ ነው፤ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ሠርታዋለች። ይህንን በእጅ ጽሑፌ አረጋግጣለሁ። ቃሌን ካመኑ ይፍቱና ይብሉት፤ ያን ጊዜ በረራው ላይ የሆነውንም አምነውኛል ማለት ነውና አዲሱን ደብዳቤ ለመጻፍ እጅዎን ታጥበው ይቀመጡ። ካላመኑኝ ደግሞ አይክፈቱት፤ እንደ ወጉ አጎንብሰው፣ በሁለት እጅዎ፣ ለበላይዎ ያሳልፉት።